ማቨን፦ ለይቶ አዋቂ

ማቨን ማለት ስለ አንድ ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ደህናውን ከመናኛው የሚለይና ያወቀውን ለጠየቀው ሁሉ የሚያካፍል ሰው ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኝ እንጂ ምንጩ ዪዲሽ፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ ነው። በዪዲሽ «ሜይቭን» ይባላል፤ ዪዲሽም የወሰደው «መቪን» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ የሚያስተውል፣ የሚረዳ ማለት ነው።

የዕብራይስጡ ሥር ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። በግዕዝ «በየነ» ለየ፣ ፈረደ ማለት ሲሆን በአማርኛ «ብያኔ» የዳኛን ውሳኔም የአንድን ጽንሰ ሐሳብ ፍቺም ያመለክታል። በዕብራይስጥ ከአናባቢ ቀጥሎ የሚመጣ «በ» ላልቶ «ቨ» ስለሚሆን ነው ዝምድናው ቶሎ ለጆሮ የማይሰማው። መነሻው ላይ ያለው «መ» በግዕዙ «መምህር» እና «መተርጉም» ላይ እንደሚታየው አድራጊውን ያመለክታል። መለየትና መረዳት ከአንድ ሥር መብቀላቸው የቃሉ ትልቁ ሀብት ነው፤ ያልለየ አልተረዳምና። እስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ቃሉን በየዕለቱ የሚሰሙት በተራ ትርጉሙ ነው፤ ወንዱ «አኒ መቪን»፣ ሴቷ «አኒ መቪና» ሲሉ ይገባኛል ማለታቸው ነው። የባለሙያነቱ ትርጉምም ጥንታዊ ነው። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 25 ስለ 288ቱ የቤተ መቅደስ ዘማሪዎች ሲነገር «መቪን» የገባው ከተማሪው ጎን የሚቆመውን፣ ዜማውን የተካነውን ሰው ለማመልከት ነው።

ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረው በስደት መንገድ ነው። ከ1880ዎቹ እስከ 1924 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ አሜሪካ ገቡ፤ ብዙዎቹም ኒው ዮርክ ላይ ቀሩ። ቃሉ ለረጅም ጊዜ በእነርሱ ሰፈርና ገበያ ተወስኖ ከቆየ በኋላ በ1960ዎቹ ቪታ የተባለ አሳ አምራች «የሄሪንግ ማቨን» የሚል ገጸ ባሕርይ በማስታወቂያው ይዞ ወጣ። ሄሪንግ በጨው የሚቆይ የባሕር አሳ ነው፤ ማቨኑም የትኛው ሄሪንግ ከሌላው እንደሚሻል የሚያውቅ ሰው ነው። ዪዲሽ ሰምተው የማያውቁ ብዙ አሜሪካውያን ቃሉን ከዚህ ተማሩ። ከዚያ ወዲያ ዊልያም ሳፋየር ከ1979 እስከ 2009 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ስለ ቋንቋ ሲጽፍ ራሱን የቋንቋ ማቨን ብሎ ጠራ። በ1987 ላውረንስ ፊክና ሊንዳ ፕራይስ የተባሉ ተመራማሪዎች የትኛው ዕቃ የት እንደሚገኝና በስንት እንደሚሸጥ ለሌላው የሚያሳውቀውን ሸማች «የገበያ ማቨን» ብለው ሰየሙት፤ ማልኮም ግላድዌልም በ2000 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ሐሳብ ለብዙኃኑ አደረሰ።

ማቨንና ኤክስፐርት አንድ አይደሉም። ኤክስፐርት የተገኘው መሞከር ከሚል የላቲን ግሥ ነው፤ በሥራ ተፈትኖ ያወቀ ሰው ነው፤ ዛሬም ብዙውን ጊዜ ማስረጃና ደመወዝ አለው። ማቨን ግን ሹመትም ደመወዝም ላይኖረው ይችላል። ያወቀው ነገሩን ስለወደደው ነው፤ ማቨን ያሰኘውም ሰዎች ከመግዛታቸው ወይም ከመወሰናቸው በፊት እርሱን መጠየቃቸው ነው። ጤፍ በእፍኟ ዘግና፣ በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ፣ ማኛው ከሌላ መደባለቁን ወይም አሸዋ መግባቱን የምትናገር፣ የሰፈሩ ሰው ሸመታ ሲወጣ «እስኪ አብረሽኝ ነይ» የሚላት እናት የጤፍ ማቨን ናት።

በአማርኛ ያሉት ቃላት ሁሉ ወደ ትርጉሙ ይጠጋሉ እንጂ አይገጥሙትም። «ባለሙያ» ሙያውን የያዘውን ይጠራል፤ «ሊቅ» ወደ ቤተ ክህነት ትምህርትና ወደ ከፍተኛ ምርምር ያዘነብላል፤ «አዋቂ» ብቻውን ሲቆም ለአካለ መጠን የደረሰውን፣ አልፎም ጠንቋዩን ያሳስባል። ከሥሩ በቀጥታ የሚወጣው «በያኝ» ደግሞ የፍርድ አደባባይ ይሸታል። የተሻለው ትርጉም «ለይቶ አዋቂ» ነው፤ መለየቱንም ማወቁንም ይዟል፣ የሚያውቀውን ነገርም ከፊቱ ይቀበላል፦ የቋንቋ ለይቶ አዋቂ፣ የገበያ ለይቶ አዋቂ፣ የቡና ለይቶ አዋቂ። ብዙ ቁጥሩ ለይቶ አዋቂዎች ነው። የጃቫ ፕሮግራመሮች የሚሠሩበት አፓቼ ማቨን ግን የሶፍትዌር መጠሪያ ስለሆነ ሳይተረጎም «ማቨን» ተብሎ ይጻፋል።

ዪዲሽ ተናጋሪዎች ሳያውቅ የሚመጻደቀውንም በሽሙጥ ማቨን ይሉታል፤ እንግሊዝኛውም ይህን ቃና አልፎ አልፎ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ «ለይቶ አዋቂ» ብቻውን አይበቃም፤ «ለይቶ አዋቂ ነኝ ባይ» ተብሎ ይተረጎማል።