የፓይተን ቋንቋና በሲ የተጻፉ ሞጁሎቹ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በአምስተርዳም የሚገኘው ብሔራዊ የሒሳብና የኮምፒዩተር ሳይንስ ምርምር ማዕከል ኤ.ቢ.ሲ. የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጅቶ ነበር። ቋንቋው ለተማሪ ቀላል፣ ለአንባቢም ግልጽ ነበር፤ ዳሩ ግን ዙሪያው እንደ ታጠረ ግቢ ስለ ነበረ ሠሪዎቹ ያላሰቡትን ችሎታ ከውጭ ሊጨምርበት የሚችል አልነበረም። ከሠሪዎቹ አንዱ የነበረው ጊዶ ቫን ሮሱም በ1989 መጨረሻ ፓይተንን መጻፍ ሲጀምር ይህን ጉድለት አልዘነጋም። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው አሜባ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት አገልግሎቶቹን በቀጥታ የሚጠራለት ቋንቋ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህም አስተርጓሚውን በሲ ቋንቋ ጻፈና፣ ሌላውም ሰው በሲ የጻፈውን ሞጁል እንዲቀጥልበት በር ተወለት።

የሚተረጎም ቋንቋ ምቾት አለው፤ ፍጥነት ግን ይጎድለዋል። አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች ይደመሩ ቢባል አስተርጓሚው በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ቆሞ ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው፣ በምንስ ሕግ ይደመራል እያለ ይመረምራል። አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠ የሲ ሞጁል ግን ምርመራውን በመግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ይጨርስና ያለ ማቋረጥ ይደምራል። ጂም ሁጉኒን በ1995 ያወጣው ኑሜሪክ የተባለ ሞጁል የቆመው በዚሁ ዘዴ ላይ ነው። የሕዋ ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም ሰዎች በኋላ ኑምአሬይ የተባለ ሌላ ሞጁል በመሥራታቸው ተጠቃሚው ለሁለት ተከፈለ፤ ትራቪስ ኦሊፋንትም ሁለቱን አዋሕዶ የኑምፓይን የመጀመሪያ ሙሉ እትም በ2006 አወጣ።

በሩ ግን ዋጋ ነበረው። እያንዳንዱ የፓይተን ዕቃ በስንት ቦታ እንደ ተያዘ የሚገልጽ ቁጥር ተሸክሞ ይኖራል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ ዕቃው ይፈርሳል። በፓይተን የሚጽፍ ሰው ይህን ከቶ አያየውም፤ በሲ የሚጽፍ ግን ዕቃውን ሲይዝ ቁጥሩን መጨመር፣ ሲለቅም መቀነስ ግዴታው ነው። መቀነሱን ቢረሳ የኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ቀስ በቀስ ይሞላል። መጨመሩን ቢረሳ ደግሞ ገና በሥራ ላይ ያለ ዕቃ ይፈርስና አስተርጓሚው በሞላው ይወድቃል፣ ያውም ስሕተቱ ከተፈጸመበት መስመር እጅግ ርቆ። ሁለተኛው የገጠመው መሐንዲስ የመጀመሪያውን ይመኛል።

ከዚህም የባሰው፣ የአስተርጓሚው የውስጥ አሠራር በእነዚህ ሞጁሎች ሁሉ ውስጥ ተጽፎ መቅረቱ ነው። ፓይፓይ የተባለው ፈጣን አስተርጓሚ ዕቃዎችን በሌላ መንገድ ስለሚያስተዳድር፣ የሲ ሞጁሎችን ለመቀበል የቆየውን የቈጠራ ልማድ ማስመሰል ግድ ሆኖበት በዚያ በኩል ፍጥነቱን አጣ። በ2011 የወጣው ፓይተን 3.2 ከእትም እትም የማይለወጥ ውሱን መገናኛ ቢያቀርብም፣ ከዚያ ውጭ ባለው ክፍል የተደገፉት ሞጁሎች ብዙዎች ነበሩ።

ፈተናው ጎልቶ የታየው በታላቁ ቁልፍ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአንድ ጊዜ አንድ የሥራ ፈትል ብቻ የፓይተን ትእዛዝ እንዲፈጽም የሚያደርግ ቁልፍ በአስተርጓሚው ውስጥ ነበረ፤ የሞጁል ጸሐፊዎችም በእርሱ ተማምነው ሌላ ጥበቃ ሳያደርጉ ጽፈዋል። ቁልፉን የማስቀረቱ ሐሳብ በ2023 ተቀባይነት አግኝቶ በኦክቶበር 2024 ከፓይተን 3.13 ጋር ቁልፍ የሌለበት የሙከራ ቅጂ ወጣ። በዚያም ቅጂ፣ ያለ ቁልፍ ለመሥራት መዘጋጀቱን ያላስታወቀ አንድ የሲ ሞጁል ሲጫን አስተርጓሚው ማስጠንቀቂያ ይሰጥና ቁልፉን ለመላው ፕሮግራም መልሶ ይዘጋዋል።