ክሮሚየም በአቃቂ ወንዞች ደለል

ወንዝ የሚያልፍበትን አገር ድንጋይና የነዋሪውን የሥራ ታሪክ ጭምር ይዞ ይወርዳል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ የተሸከሙት ደለልም በዚያ ይዘቅጣል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሠራ የታሰበው ለመብራት ኃይል ነበር። ይሁንና ሳይታሰብ የከተማይቱ መዝገብ ቤት ሆኗል።

በዚህ ደለል በጥቂቱ ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች አንዱ ክሮሚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ቮክለን ነው። በ1884 አውገስተስ ሹልትዝ በአሜሪካ በክሮሚየም ቆዳ ማልፋትን በፓተንት ካስመዘገበ ወዲህ፣ በእፅዋት ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ እጅግ አጠረ። በትንሹ አቃቂ ዳር የተቋቋሙ የቆዳ ፋብሪካዎችም ይህንኑ ዘዴ ተከተሉ። በተለመደው አሠራር ግን ከሚጨመረው ክሮሚየም ሲሶ ያህሉ በቆዳው ሳይያዝ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል።

ሆኖም በደለሉ ያለው ክሮሚየም ሁሉ የፋብሪካ ነው ማለት አይቻልም። የአካባቢው ባዛልት በተፈጥሮው ክሮሚየም ስላለው፣ ድንጋዩ ሲፈራርስ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩም በጎርፍ ወደ ወንዙ ይገባል። ሁለቱን ለመለየት ያልተነካ ደለል ከላይ እስከ ሥር በየንብርብሩ መመርመር፣ ክሮሚየሙንም ከአሉሚኒየም ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። አሉሚኒየም የሸክላ አፈሩን መጠን ስለሚያመለክት፣ ከዚያ በላይ የተገኘው ትርፍ ከፋብሪካ የመጣውን ይጠቁማል።

የንጥረ ነገሩ ጠባይም እንደ መልኩ ይለያያል። ለቆዳ የሚውለው ባለሦስት ቫሌንስ ክሮሚየም ከሸክላና ከብረት ኦክሳይድ ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ውሃው ንጹሕ መስሎ ሳለ ጭቃው ሊበከል ይችላል። ባለስድስት ቫሌንሱ ግን በውሃ የሚሟሟና ካንሰር አምጪ ነው። ባርትሌትና ጄምስ በ1979 እንዳሳዩት፣ በአፈር ውስጥ ያለ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው ሊለውጥ ይችላል።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ያልፋል። በአቃቂ ውሃ የሚለማው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ለከተማው ገበያ ይቀርባል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለፍሳሽ ገደብ እንዲወጣ ደንግጓል፤ ነገር ግን ፍሳሹ ቢቆም እንኳ ቀድሞ የዘቀጠው በጎርፍ ተነሥቶ እንደገና ማሳ ሊገባ ይችላል። ስለሆነም ውሃውን ብቻ የሚለካ ቁጥጥር የታሪኩን ግማሽ ይተዋል። የኬሚስትሪና የጂኦግራፊ መምህራንም ይህን ምሳሌ ቢያስተምሩበት፣ ተማሪው ትምህርቱን ከሚበላው ጎመን ጋር ያገናኘዋል።