ቅጠል፣ ክርና ጠጕር፤ ስለ አንድ ቀጭን መጋዝ ስያሜዎች

የእንጨት ሥራ ቃላት ሲሰበሰቡ ትልልቆቹ መሣሪያዎች ስም አያጡም። መጥረቢያ፣ መሮ፣ መጋዝ የሚሉት ቃላት ከሥራው ጋር አብረው የኖሩ ናቸው። ግዕዝም ለመጋዝ «ሞሠርት» የሚል የራሱ ቃል ሲኖረው፣ ይህም ከዕብራይስጡ «ማሶር» ጋር ይዛመዳል። ተርጓሚውን የሚያስቸግረው ትንሹ መሣሪያ ነው። ምላጩ እጅግ የቀጠነ፣ ከስስ ጣውላ ኮከብ፣ ወፍ፣ ሐረግና ይህን የመሳሰለ ትንሽ ጌጥ የሚወጣበት መጋዝ በአማርኛ ምን ይባል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ይህን መሣሪያ እንዴት እንደ ሰየሙት በመመልከት፣ ተርጓሚው ስሙን ሳይሆን ሥራውን እንዲተረጕም ለማሳሰብ ነው።

በመጀመሪያ ሥራውን እንግለጽ። ባለሙያው ንድፉን በጣውላው ላይ ይለጥፋል፤ ክፍት ሆነው በሚቀሩት ቦታዎች ሁሉ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ከዚያም የምላጩን አንድ ጫፍ ከመያዣው ፈትቶ በቀዳዳው ያሾልከውና መልሶ ወጥሮ ያስረዋል። የውስጡን ቆርጦ ካወጣ በኋላ በሚቀጥለው ቀዳዳ ይህንኑ ይደግማል። የውጭው ዙሪያ የሚቆረጠው በመጨረሻ ነው፤ ዙሪያው ያለው እንጨት እስካልተነሣ ድረስ ስሱ ጌጥ ድጋፍ፣ እጅም መያዣ ያገኛሉና። ከጠርዝ ሳይነሡ ከመካከል መቁረጥ እንግዲህ የዚህ መጋዝ ዋና ጠባይ ነው።

ይህ ጥበብ በቤተ መንግሥት የከበረ ነበር። የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ የቤት ዕቃ ሠሪ አንድሬ ሻርል ቡል (እ.ኤ.አ. 1642–1732) የናስና የኤሊ ቅርፊት ሉሆችን ደርቦ ባንድ ጊዜ ይቆርጥ ነበር። ከአንዱ የወጣው ቅርጽ በሌላው ክፍት ቦታ ልክ ስለሚገባ፣ ከአንድ አቆራረጥ ሁለት ተጓዳኝ ጌጦች ይገኛሉ። እንግሊዞች ሥራውን በሰውየው ስም «ቡል» አሉት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ግን ጥበቡ ወደ ተራው ሰው ቤት ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በአሜሪካ በእግር የሚረገጡ መጋዞች በየቤቱ ገቡ፤ ሥራውም በእንጨት ጌጥ በታወቀችው የጣልያን ከተማ በሶሬንቶ ስም ይጠራ ጀመር። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1895 መታተም የጀመረው «ሆቢስ» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ለአንባቢዎቹ የጌጥ ንድፍ ያቀርብ ነበር።

ወደ ስሞቹ እንመለስ። ጀርመኖች «ላውብዜገ» ይሉታል፤ «የቅጠል መጋዝ» ማለት ነው። ስዊድኖች፣ ዴኖችና ፊኖችም በየቋንቋቸው ይህንኑ ብለዋል። ሩሲያኛ የጀርመንኛውን ድምፅ ወርሶ «ሎብዚክ» ሲለው፣ ቅጠሉም መጋዙም ከቃሉ ውስጥ ጠፉ። ለጃፓኖች «የክር መጋዝ»፣ ለቱርኮች «የጠጕር መጋዝ»፣ ለሆላንዶች «የቅርጽ መጋዝ» ነው። ጣልያንኛው «ትራፎሮ» ግን ሥራውን ራሱን፣ በስቶ ማሳለፍን፣ ያመለክታል። እንግሊዝኛው «ስክሮል» የሚለው የተጠማዘዘውን ጌጥ በማሰብ ነው።

«ጂግሶው» የሚለው ሌላው የእንግሊዝኛ ስም ደግሞ ከዕቃ ወደ ዕቃ ተዛውሯል። በመጀመሪያ የዚሁ ዓይነት መጋዝ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ጆን ስፒልስበሪ ለንደን ውስጥ ካርታ ቆራርጦ ለሠራው የመገጣጠም ጨዋታ ይህ ስም የተሰጠው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዛሬ ደግሞ በእጅ ተይዞ የሚነዳውን የኤሌክትሪክ መጋዝ ያመለክታል።

እዚህ ላይ የተርጓሚው ፈተና ይመጣል። «ስክሮል»ን «ጥቅልል» ብሎ «ጥቅልል መጋዝ» ቢል፣ ተማሪው እንደ ብራና የሚጠቀለል መጋዝ ይፈልጋል። ሁለቱን መሣሪያዎች ባንድ ስም ቢጠራ ጉዳቱ የባሰ ነው። በአንደኛው ምላጩ በሁለት ጫፍ ተወጥሮ ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሰው እንጨቱ ነው። በሁለተኛው ምላጩ በአንድ ጫፍ ብቻ ተይዞ፣ መጋዙ በእንጨቱ ላይ ይሄዳል። ለመጀመሪያው የተጻፈውን መመሪያ በሁለተኛው የሚፈጽም ተማሪ ጌጡን ይሰብራል፤ እጁንም ሊያቆስል ይችላል። የቃል ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም።

የእኛ አናጺዎች ብዙ ቃል ከጣልያንኛ ወስደዋል፤ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ኮምፔንሳቶ ለዚህ ምስክር ናቸው። «ሴጌቶ»ም በምንጩ «ትንሽ መጋዝ» ማለት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ለብረት መቍረጫው ስለ ጸና ለዚህ አይበጅም። ስለሆነም መሣሪያውን «የቅርጽ መጋዝ»፣ ሥራውን «ውስጥ ቆረጣ»፣ ውጤቱን «ውስጠ ክፍት ጌጥ» እንድንል ሐሳብ እናቀርባለን። «ቅርጽ» በመሮ የተቀረጸውንም ስለሚያመለክት ስያሜው ነቀፋ የለበትም አንልም። «ውስጥ ቆረጣ» አብሮት ሲነገር ግን ልዩነቱ ይገለጣል።

ይሁን እንጂ ከማናቸውም ስያሜ በፊት ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል። ከአድዋ ድል በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ የተሠሩት ቤቶች በረንዳቸውና የጣሪያቸው ጠርዝ በተበሳ ጣውላ ያጌጠ ነበር፤ በሥራውም የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአገር ልጆች ጋር ተካፍለዋል። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። የቆሙትን የሚጠግን አናጺ እያንዳንዱን ቅርጽ በምን ስም እንደሚጠራው ዛሬ ካልመዘገብን፣ ነገ የምንፈጥረው ቃል ጣውላው ከወደቀ በኋላ የተገኘ ቃል ይሆናል።