የቴክኒሺያን ፈቃድ (አማተር ሬዲዮ)

የቴክኒሺያን ፈቃድ በአሜሪካ አማተር ሬዲዮ የሚጀምር ሰው የሚያወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ ነው። ከእሱ በላይ ጄኔራልና ኤክስትራ የሚባሉ ደረጃዎች አሉ። ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሲሆን፣ የሚፈትኑት ግን ፈቃድ ያላቸው በጎ ፈቃደኛ አማተሮች ናቸው።

ፈተና፦ 35 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት፤ ለማለፍ ቢያንስ 26ቱን መመለስ ያስፈልጋል። ጥያቄዎቹ የሚወጡት ከነመልሳቸው አስቀድመው ይፋ ከሆኑት ውስጥ ነው። የዕድሜ ገደብ የለም፤ አሜሪካዊ ዜጋ መሆንም ግዴታ አይደለም። የሞርስ ኮድ ፈተና በ2007 (እ.ኤ.አ.) ከሁሉም ደረጃዎች ሙሉ በሙሉ ቀርቷል። ያለፈ ሰው የጥሪ ምልክት (የጣቢያው መለያ) ይሰጠዋል፤ ፈቃዱም ለ10 ዓመት ያገለግላል።

መሣሪያ፦ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚገዙት በ2 ሜትር (144–148 ሜጋኸርዝ) እና በ70 ሴንቲሜትር ባንዶች የሚሠራ የእጅ ሬዲዮ ነው። ተራራና ሕንፃ ስለሚጋርደው ብቻውን ሩቅ አይደርስም። ስለዚህ ከፍታ ላይ የተተከለ ሪፒተር ድምፁን በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ በሌላ ያሰራጫል፤ በ2 ሜትር ባንድ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ 600 ኪሎኸርዝ ነው።

አጠቃቀም፦ ጀማሪው መጀመሪያ ያዳምጣል፤ መስመሩ ነፃ ሲሆን የመናገሪያ ቁልፉን ተጭኖ የጥሪ ምልክቱን ይናገራል። ምልክቱን ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና በንግግሩ ማብቂያ መድገም ግዴታ ነው። ሙዚቃ ማሰራጨትና በክፍያ መልእክት ማስተላለፍ የተከለከለ ነው።

በኢትዮጵያ፦ የአገሪቱ አማተር ጣቢያዎች የጥሪ ምልክት መነሻ «ኢቲ» ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል።