«አማራጭ» የተባለው ቃልና የሶፍትዌር ቤተሰብ አመዳደብ

ከጉለሌ እስከ የካ ራስጌ በተዘረጋው የእንጦጦ ሰንሰለት ላይ የሚገኘው የጠፈር ምርምር ጣቢያ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት ምስል ተቀብሏል። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛይቱ ተከተለች። ለእንዲህ ያሉ ተከታታይ ሥራዎች ሶፍትዌር የሚያዘጋጅ ባለሙያ ሁሉንም እንደ አዲስ መጻፍ የለበትም፤ የጋራውን ከልዩው ለይቶ አንድ የምርት ቤተሰብ ሊያበጅ ይችላል።

የዚህ አሠራር መነሻ ከሆኑት አንዱ ኪዮ ካንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርስቲ ያወጡት ጥናት ነው። ጥናቱ የምርቱን ባሕርያት በዛፍ አምሳል ሥሎ በሦስት መደባቸው፤ ይኸውም የግድ የሚኖር፣ ቢኖርም ባይኖርም የሚሆን፣ ከተዘረዘሩት አንዱ ብቻ የሚወሰድ። በአማርኛ ግን ሁለተኛውም ሦስተኛውም «አማራጭ» ሊባሉ ይችላሉ። «የምስል ማከማቻው አማራጭ ነው» የሚል ሰነድ የደረሰው ባለሙያ ማከማቻውን ይተወው ወይስ ከሁለት ዓይነት አንዱን ይምረጥ? ቢተወው ምስሉ ይጠፋል።

ስለዚህ ለሦስተኛው «ተለዋጭ» የሚለውን እንመርጣለን። ለቀሩት ሁለቱ «በውድም በግድም» ከሚለው የሕዝብ አነጋገር ተነሥተን «ግዴታዊ» እና «ውዴታዊ» እንላለን። («አስገዳጅ» ሌላውን የሚያስገድድ ማለት ስለሆነ ለዚህ አይስማማም።)

«ባሕርይ» ከ«ተፈላጊ ጉዳይ» ጋርም መቀላቀል የለበትም። የእርሻንና የደንን ሁኔታ መከታተል ተጠቃሚው የጠየቀው ተፈላጊ ጉዳይ ነው፤ በመጀመሪያይቱ ሳተላይት ምስል ላይ አንዱ ነጥብ 13.75 ሜትር መሸፈኑ ግን የምርቱ ባሕርይ ነው።