ሾፌሩና ሳጥኑ

በሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ያለፈ ሰው እንደ ግንብ የተደራረበውን ኮንቴይነር ሳያይ አይቀርም። ይህን ሳጥን ለዓለም ያለመደው መርከበኛ እንዳይመስላችሁ፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

ማልኮም ማክሊን እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ተወለደ። ቤተሰቡ ኮሌጅ ለመላክ አቅም አልነበረውምና ነዳጅ ማደያ ተቀጠረ። በ1934 ከእህቱና ከወንድሙ ጋር የጭነት ድርጅት አቋቋመ፤ መነሻቸው አንዲት አሮጌ መኪና ነበረች። በ1937 ጥጥ ጭኖ ወደብ ላይ ተገትሮ ሲውል፣ ሠራተኞች ዕቃውን አንድ በአንድ ሲያወርዱ አየ። ጭነቱ ከነሳጥኑ ቢነሳስ ብሎ ማሰቡን ኋላ ላይ ተናግሯል።

ሐሳቡ ግን ዋጋ አስከፈለው። የአገሩ ደንብ የጭነት መኪና ድርጅት የመርከብ ድርጅት እንዲይዝ በቀላሉ አይፈቅድም ነበርና፣ በ1955 ከቤተሰቡ ጋር ለ21 ዓመት የደከመበትን ድርጅት ለቆ ወጣ። በዓመቱ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1956፣ «አይዲያል ኤክስ» የተባለችው መርከቡ 58 ኮንቴይነር ይዛ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ተጓዘች። በቶን 6 ዶላር ገደማ የነበረው የመጫኛ ወጪ ከ16 ሳንቲም በታች ወረደ።

ዕቃ ረከሰ፤ ንግድ ደራ። በየወደቡ በትከሻቸው ያደሩ ብዙዎች ግን እንጀራቸውን አጡ። ማክሊንም ቢሆን በ1986 ኩባንያው ከስሮበታል፤ በ2001 አረፈ። እንግዲህ ያን ሳጥን ስናይ ያተረፈልንን ብቻ ሳይሆን ያስከፈለውንም እናስብ።