ላሟ ስትወድቅ የሚወድቀው ቤት፦ የአፋር ከብት አርቢ ቤተሰብ በ1965 እና በ66ቱ ድርቅ

 ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን በአዋሽ ወንዝ ዳር ከብቱን እያረባ ይኖር የነበረው የአፋር ሙስሊም ቤተሰብ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ምን እንደ ደረሰበት እናወጋለን። የወሎ ረሃብ ሲነሳ ብዙዎቻችን ዓይናችን ላይ የሚመጣው ማሳው የደረቀበት የደጋ ገበሬ ነው። እርሱም መከራውን አይቷል። ከተራራው በታች በቆላው ሜዳ ከብቶቹን በልጆቹ ፊት የቀበረው አርብቶ አደር ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘው ቦታ ጥቂት ነው። «ዘላን ስለሆነ ነው፤ እርሻ ቢያውቅ ኖሮ አይራብም ነበር» የሚለው ፍርድም እስከ ዛሬ ድረስ ከአንዳንዶች አንደበት አልጠፋም። ይህ ፍርድ እውነት መሆን አለመሆኑን ታሪኩን አይተን እንመዝነው።

ቤቱና ከብቱ

በአፋር ቤት ከብት ሀብት ብቻ አይደለም። ወተቱ የልጆች ምግብ ነው፤ ቅቤው ገበያ ወጥቶ እህል ይገዛል፤ ወይፈኑ ሲሸጥ ልብስ ይሆናል፤ ጊደሯ ለጥሎሽ ትሰጣለች። ሰላሳ ከብት የሞላለት አባወራ ደግሞ አንድ ዓመት የሞላው ጥጃ ዘካ ያወጣል። ስለዚህ መንጋው የቤተሰቡ ጎተራም ባንክም ነበር፤ በአላህ መንገድ የሚሰጥበት እጁም ነበር።

ሥራውም የተከፋፈለ ነበር። ከዘንባባ ሰሌን የሚሠራውን ቤት የምትተክለውም የምትነቅለውም ሴቷ ናት። ውሃውን በፍየል ቆዳ ስልቻ ታመጣለች፤ ወተቱን ትንጣለች። ትንንሾቹ ልጆች ጥጆችንና ግልገሎችን ከቤት ሳይርቁ ይጠብቃሉ። ወጣቶቹና አባቶቹ ግመሉንና ከብቱን ይዘው ሣር ወዳለበት ይርቃሉ። ሽማግሌዎች ደግሞ መንገድ ላይ የተገናኙትን ሰው ሁሉ ቁጭ አድርገው ወሬ ይቀባበላሉ። ይህም አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ነው። ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? የከብት በሽታ አለ ወይ? መንገዱ ሰላም ነው ወይ? የሰማ ሰው የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ቤተሰቡ ሰሌኑን ጠቅልሎ ግመል ላይ የሚጭነው በዳጉ ላይ ተማምኖ ነው። እንግዲህ «ዘላን» እየተባለ የሚጠራው ሰው የትም የሚባዝን አልነበረም። መሄጃውን ያውቃል፤ መመለሻውንም ያውቃል።

ዝናብ ሲቀር ቤት ውስጥ የሚሆነው

በአፋር ምድር ዋናው የክረምት ዝናብ «ከርማ» ይባላል፤ በበልግ ወራት የሚጥለው ደግሞ «ሱጉም» ነው። በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የክረምቱ ዝናብ ደከመ። በ1965 በልጉም ቀረ።

ድርቅ ቤት የሚገባው በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ጥገቷ ትነጥፋለች። ያለው ጥቂት ወተት ለጥጃው ወይስ ለሕፃኑ? እናት ይህን ጥያቄ በየማለዳው ትመልሳለች። ጥጃው ካልጠባ የነገው መንጋ ይሞታል፤ ሕፃኑ ካልጠጣ ዛሬ ይታመማል። ቀጥሎ ቤተሰቡ ይከፈላል፤ ጉልበት ያለው የነጠፉትን ከብቶች እየነዳ ይርቃል፤ እናቶች፣ ሕፃናትና አዛውንቶች ጥቂት ፍየሎች ይዘው ይቀራሉ። ከዚያ ላሞች ይሞታሉ፤ ላም የምትኖረው በሣር ነውና። ፍየል ቅጠል እየቀነጠበች ትሰነብታለች፤ ግመል ከሁሉም በላይ ይታገሳል። አባወራው ደካማ ጥጆችን አርዶ እናቶቻቸውን ለማትረፍ ይሞክራል። በመጨረሻ የሚሸጠው ይሸጣል፤ የሚሸጥ ሲያጣም በእግሩ ወደ መኪና መንገድ ይወጣል።

«ለምን ቀደም ብለው አልሸጡም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱን ከመንጋው አወላለድ እናገኘዋለን። ላም ዘጠኝ ወር ታረግዛለች፤ በቆላ የምታድግ ጊደር ለመውለድ እስከ አራት ዓመት ትፈልጋለች፤ ከሚወለዱትም ግማሹ ወንድ ነው። ሁለት ላም የቀረችው ቤት፣ ምንም ክፉ ሳያገኛት፣ አሥር ላም ለመድረስ አሥር ዓመት ያህል ይፈጅባታል። ስለዚህ እንስት ከብት መሸጥ የልጅን ዕጣ ፈንታ መሸጥ ነው። አባወራው የቆየው ስስት ይዞት አልነበረም፤ ነገን እያሰበ ነው።

ወንዙ የት ሄደ?

ዝናብ መቅረት ለአፋር አዲስ ነገር አልነበረም። አባቶቹ ብዙ ድርቅ አሳልፈዋል። ያሳለፋቸውም ከአላህ ቀጥሎ አዋሽ ነው። አዋሽ ከማዕከላዊው ደጋ ተነስቶ፣ በስምጥ ሸለቆ ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፤ ውሃው ሲመለስ ለምለም ሣር ትቶ ይሄዳል። አፋሮች በዝናብ ጊዜ በሰፊው ሜዳ ይበተናሉ፤ በበጋ ወደ ወንዙ ይሰበሰባሉ። ድርቅ ሲጠና መጠጊያቸው ይኸው ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የግጦሽ መሬትን የመንግሥት ንብረት አደረገው። በ1952 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በነዚያው ዓመታት ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ ጀመረ። ወደ ላይ ደግሞ በከረዩ ኦሮሞዎች ምድር የሆላንዱ ኩባንያ የመተሐራን የሸንኮራ እርሻ አለማ፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ተከለለ። እውነቱን ለመናገር ከአፋር ባላባቶችም ጥጥ አልምተው የተጠቀሙ ነበሩ፤ የአውሳው ሱልጣን ዓሊ ሚራሕም ከነዚህ አንዱ ናቸው። ተራው ከብት አርቢ ግን የበጋ ሣሩ ወደ ጥጥ ሲለወጥ ከዳር ቆሞ ተመለከተ።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ እንበል። በካርታ ሲታይ ለእርሻ የተወሰደው መሬት ከአፋር ሰፊ ሜዳ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ይሁንና ጥቂቱ መሬት የበጋው መሬት ነበር። በጋን የሚያሳልፉበት ወንዝ ዳር ከሌለ የክረምቱ ሜዳ ምንም ቢሰፋ ከብት አያኖርም። የበር ቁልፍ ትንሽ ናት፤ እርሷ ከጠፋች ግን ቤቱ በሙሉ ይዘጋል። ስለዚህ በ1965 ዝናብ ሲቀር ቤተሰቡ በለመደው መንገድ ወደ አዋሽ ሲወርድ የጠበቀው መስኖና ዘበኛ ነበር።

ገበያውም ዞረ

አርብቶ አደር በወተት ብቻ አይኖርም። ከብቱንና ቅቤውን ይዞ ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ ይወጣል፤ ከደጋ የመጣ እህል ገዝቶ ይመለሳል። በደህና ጊዜ ይህ ልውውጥ ይጠቅመዋል፤ በአንድ በሬ ዋጋ የሚገዛው እህል ከሥጋው ይልቅ ብዙ ቀን ያቆያልና። በድርቅ ጊዜ ግን ሁሉም በአንድነት ሊሸጥ ይወጣል፤ ከብቱ ከስቷል፤ የሚገዛው የደጋ ሰው ራሱ ተርቧል። የከብት ዋጋ ወረደ። ትናንት ለወራት የሚሆን እህል ያመጣ የነበረው በሬ ዛሬ የሳምንታት እንኳ አልሆን አለ።

በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሕንዳዊው አማርትያ ሴን ይህንን ረሃብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በዚያ ዘመን በአገር ደረጃ የምግብ እህል ያን ያህል አልጠፋም ነበር። ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህልም ነበር። የጠፋው የድሃው መግዣ ነው። አርብቶ አደሩ በእጥፍ ተመታ፤ ከብቱ ሞተ፤ የተረፈውም ዋጋ አጣ።

ዝም ያለው ወሬ

በዳጉ ወሬው ከሰው ሰው ይደርስ ነበር፤ ግን በየአቅጣጫው የሚመጣው ወሬ አንድ ዓይነት ሆነ፦ ሣር የለም። በአዲስ አበባ በኩል ደግሞ ዝምታ ነበር። የአፋር ሕዝብ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሐረርጌ፣ በሸዋና በኤርትራ ጠቅላይ ግዛቶች ተከፋፍሎ ስለነበር ስለ እርሱ የሚጠየቅ አንድ ባለሥልጣን አልነበረም። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ለዕይታ አቀረቡ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ነቃ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በመስከረም 1 ቀን 1967 ለኢትዮጵያ ሕዝብ ሲቀርብ፣ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ለከብት አርቢው ቤተሰብ ግን ዘግይቶ ነበር። እርዳታው በዋናው የመኪና መንገድ ዳር ባሉ ጣቢያዎች ተከማቸ። ከብት የሌለው አባት ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ከሜዳው እስከ አስፋልቱ በእግሩ መሄድ ነበረበት፤ ስንቱ መንገድ ላይ ቀረ። በወሎ ረሃብ ያለቀውን ሰው ተመራማሪዎች ከ50 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገምታሉ፤ ከአፋር ሕዝብ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቋል የሚል ግምትም ቀርቧል። አላህ ይማራቸው።

የደረሱትም ቢሆኑ የተጎዱት በሆዳቸው ብቻ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ዘካ ያወጣ የነበረ ሰው ዘንድሮ እፍኝ እህል ለመቀበል ተሰለፈ። እንግዳ በወተት የምትቀበል ሴት ለልጇ ጽዋ ለመነች። ይህ ስብራት በቁጥር አይገለጽም።

የአመድ ዓመት

ውድ አድማጮቻችን! በኢስላም ታሪክም ከብት አርቢው የተፈተነበት ዓመት አለ። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን፣ በሒጃዝ ዝናብ ቀርቶ ምድሪቱ አመድ መሰለች፤ ዓመቱም «ዓሙ ረማዳ»፣ የአመድ ዓመት ተባለ። የበረሃ አርቢዎች ከነቤተሰባቸው ወደ መዲና ጎረፉ።

ዑመር ምን አደረጉ? ችግሩን አልደበቁም። ወደ ግብፅ፣ ወደ ሻምና ወደ ዒራቅ ሹማምንቶቻቸው ጽፈው እርዱን አሉ። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ከግብፅ በየብስና በባሕር እህል ላኩ። ኸሊፋው ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ አልቀምስም ብለው ዘይት ሲበሉ ፊታቸው ጠቆረ። ከብት ያለቀበትን ሰው ዘካ አምጣ አላሉትም፤ አዘገዩለት። የተራበ ሰው ሰርቆ ቢገኝ እጁ እንዳይቆረጥ አደረጉ። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ዐባስን (ረ.ዐ) ይዘው ለዝናብ ዱዓእ አስደረጉ። ዝናብ በጣለ ጊዜም ሥራው አልቋል አላሉም፤ የበረሃውን ሰዎች ስንቅና መጓጓዣ ሰጥተው ወደየቀያቸው መለሷቸው።

ይህች የመጨረሻዋ ተግባር ለኛ ትልቅ ትምህርት ናት። የተራበን ማብላት የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሰውየውን ወደ ሥራውና ወደ ክብሩ መመለስ ነው። በ1966 ከሞት የተረፈው የአፋር ቤተሰብ አንድ ኩንታል እህል እንጂ አንዲት ጥገት ይዞ የተመለሰበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቀደም ሲል መንጋን ለመተካት አሥር ዓመት ያህል ያስፈልጋል ብለናል። ከ1966 በኋላ በአሥራ አንደኛው ዓመት የ1977ቱ ድርቅ መጣ። መንጋው ገና ሳይሞላ ዳግም ተመታ።

ከታሪኩ የምንወስደው

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ቤተሰቡ የወደቀው እርሻ ባለማወቁ ነው? አይደለም። ዝናብ ቀረ፤ ይህ የአላህ ውሳኔ ነው። ወንዙን ማጣቱ፣ የገበያው መዞርና የወሬው መታፈን ግን የሰው ሥራ ነበሩ። ለቀደሩ እንታገሳለን፤ ለሰው ሥራ ግን ሰው ይጠየቅበታል።

ጉዳዩ የትናንት ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በቦረናና በሶማሌ ክልል በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ደክመው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አልቀዋል። ከተማ የምንኖር ሙስሊሞች ዘካችንንና ሰደቃችንን ስናስብ የመኪና መንገድ ያልደረሰበትን ቤት እናስታውስ። ላሟ ስትነጥፍ ያልደረስን፣ ላሟ ከሞተች በኋላ ብንደርስ የምናገኘው የፈረሰ ቤት ነው። መኖ ሣር ሳያልቅ ይላክ። ድርቁ ሲያልፍ ደግሞ ለአንድ ቤት አንዲት ጊደር ወይም ጥቂት ፍየሎች መስጠት ያን ቤት ነገ ዘካ ከሚሰጡት መካከል ሊያደርገው ይችላል፤ ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ) ለምድራችን የረድኤት ዝናብ ያውርድልን፤ በዚያ ሜዳ ያለቁትን ይማርልን፤ የጎረቤታችንን ጩኸት ሳይረፍድ የምንሰማ ያድርገን። አሚን።